ቫይታሚን ዲና የዓይን ጤና በባሮ ወንዝ ዳርቻ

መግቢያ

ቫይታሚን ዲ ለረጅም ዘመን የአጥንት ቫይታሚን ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን ስሙ የማይነሣበት የሕክምና ዘርፍ ጠፍቷል። ዓይንን በተመለከተም በልዩ ልዩ መጽሔቶች የወጡ ጥናቶች የዚህን ቫይታሚን ማነስ ከቅርብ እይታ ችግር፣ ከዓይን ድርቀት፣ ከዓይን ሞራና በእርጅና ከሚመጣው የሬቲና መጎዳት ጋር ያያይዙታል። ይህ ዕውቀት ከመጽሔት ወደ መድኃኒት መደብር ሲወርድ ደግሞ «ይያያዛል» የሚለው ቃል ሳይታወቅ «ያድናል» ወደሚለው ይለወጣል። ዓይኔን ይጋርደኛል፣ ይደርቀኛል የሚል ሕመምተኛ ቫይታሚን ዲ ይታዘዝልኝ ብሎ መጠየቁ፣ ባለሙያውም ጉዳት የለውም በሚል መስማማቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከባሮ ወንዝ ዳርቻ አንጻር ለመመርመር ይሞክራል። የጋምቤላ ከተማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ግድም ላይ፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ ትገኛለች። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ ለመሥራት የሚያስፈልገው የፀሐይ ጨረር በዚህ ሥፍራ በየትኛውም ወር አይጓደልም፤ ወንዙም ዓሣ ይሰጣል። እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚሠራ ባለሙያ ለዓይን የሚያስፈልገው ቫይታሚን የትኛው እንደሆነ፣ መቼና በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥ አጥርቶ ማወቅ አለበት። ስሕተቱ ለአዋቂ ሰው የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን የሁለት ዓይን ብርሃን ሊሆን ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ቫይታሚኖች እንዴት ተለያዩ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በስብ የሚሟሟው አስፈላጊ የምግብ ንጥረ ነገር አንድ ብቻ ይመስል ነበር። በ1913 ኤልመር ማክኮለምና ማርጌሪት ዴቪስ በቅቤና በእንቁላል አስኳል ውስጥ ለአይጦች ዕድገት የግድ የሚያስፈልግ ነገር መኖሩን አሳዩ፤ ይህም ከጊዜ በኋላ «በስብ የሚሟሟ ኤ» የሚል መጠሪያ አገኘ። ንጥረ ነገሩ የተነፈጋቸው እንስሳት ዓይናቸው ይደርቅ፣ ይቆስል፣ በመጨረሻም ይጠፋ ነበር። በዚያው ዘመን በዴንማርክ ካርል ብሎክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት የሚመገቡ ሕፃናት ዓይናቸው ደርቆ ሲታወሩ ተመልክቶ፣ ሙሉ ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት ሲያገኙ በሽታው እንደሚቆም ዘገበ። የዓሣ ጉበት ዘይት ሪኬትስንም ይፈውስ ስለነበር ሁለቱንም በሽታዎች የሚያድነው ያው አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገመተ።

ግምቱን ያፈረሰው ቀላል ሙከራ ነው። ማክኮለምና ባልደረቦቹ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት እያሞቁ አየር አሳለፉበት። በ1922 ይፋ እንዳደረጉትም፣ እንዲህ የተደረገበት ዘይት የዓይን ድርቀትን የማዳን ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ሲያጣ ሪኬትስን ማዳኑን ግን ቀጠለ። ስለዚህ በዘይቱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ታወቀ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ቀድመው ስለተያዙም አዲሱ ዲ ተባለ። እንግዲህ ቫይታሚን ዲ ራሱን ችሎ የታወቀው የደረቀ ዓይንን ማዳን ባልቻለበት ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የመቶ ዓመት ታሪክ እዚህ ማንሣታችን ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ ቫይታሚኖች ዛሬም በአንድ የሽሮፕ ጠርሙስና በአንድ የዕርዳታ ዘይት ጣሳ ውስጥ አብረው ስለሚገኙ፣ የአንዱን ሥራ ለሌላው መስጠት እጅግ ቀላል ነው።

ቫይታሚን ዲ በዓይን ውስጥ ያለው ሥራ

ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሚሆነው የፀሐይ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በዚያ ያለውን የኮሌስትሮል ዝርያ ወደ ቫይታሚን ዲ3 እንዲለወጥ ያደርገዋል። ቫይታሚኑ በጉበት አንድ ጊዜ፣ በኩላሊት ሁለተኛ ጊዜ ተለውጦ ሥራ ላይ ይውላል። ዋና ተግባሩ ካልሲየምና ፎስፌት ከአንጀት እንዲገቡ ማድረግ ነው። በዓይን ብሌን፣ በሌንስ፣ የዓይንን ፈሳሽ በሚያመነጨው ክፍልና በሬቲና ውስጥ የቫይታሚን ዲ ተቀባዮች ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ የዓይን ሕዋሳትም የኩላሊትን ያህል የመጨረሻውን ለውጥ ራሳቸው ማካሄድ የሚችሉ ናቸው። ይህ ግኝት ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም ተቀባይ መኖሩ ብቻ መድኃኒቱን መስጠት ይጠቅማል ለማለት አያበቃም፤ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ የሌለበት የሰውነት ክፍል ማግኘት ራሱ ያስቸግራልና።

በሰው ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ሲታዩ ነገሩ ይቀዘቅዛል። በአሜሪካ ቫይታል በሚል ስም በተካሄደው ሙከራ 25,871 አዋቂዎች ከአምስት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በ2020 በወጣው የዓይን ክፍል ውጤት መሠረት በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በዕድሜ የሚመጣው የሬቲና መሐል መጎዳት አልቀነሰላቸውም፤ ጉዳቱ ያለባቸውም እንዳይባባስ አላገዳቸውም።

የቅርብ እይታ ችግርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ሩቅ ማየት የሚሳናቸው ልጆች በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሎ መገኘቱ በብዙ አገር ታይቷል። ይሁን እንጂ ከቤት ውጪ የሚውል ልጅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ ቆዳው ቫይታሚን ዲ ይሠራል፣ ዓይኑም ደማቅ ብርሃንና ሩቅ ገጽታ ያያል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገውና በ2015 የወጣው ጥናት በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጪ ጊዜ የተሰጣቸው ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ 30.4 ከመቶ፣ ያልተሰጣቸው ደግሞ 39.5 ከመቶ የቅርብ እይታ ችግር እንዳገኛቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የዘር ውርስን መሠረት ያደረጉ ትንተናዎች ቫይታሚን ዲ ራሱ ምክንያት አለመሆኑን አመልክተዋል። ብዙዎች እንደሚያምኑት የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም የሚያግደው ብርሃን በሬቲና ውስጥ የሚያስነሣው ዶፓሚን ነው። ስለዚህ ልጅን ወደ ሜዳ መላክ ይጠቅማል፤ በሜዳው ፋንታ እንክብል መስጠት ግን አይተካውም። በባሮ ዳር ሲዋኝና ከብት ሲጠብቅ ለሚውል ልጅ ይህ ምክር ትርፍ ነው፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከስልክ ጋር ለሚውለው ግን ይገባዋል።

እጥረቱ ዓይንን በእርግጥ የሚነካበት መንገድ

የቫይታሚን ዲ እጥረት ዓይንን የሚጎዳበት፣ በሕክምና ዘንድ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ አንድ ግልጽ መንገድ አለ፤ እርሱም ካልሲየም ነው። እጥረቱ ከብዶ በደም ያለው ካልሲየም ሲወርድ በሌንሱ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥም ይወርዳል። የሌንስ ሕዋሳት ሽፋን ጨውና ውኃን አመጣጥኖ መያዝ ይሳነዋል፤ በዚያ ወቅት እየተሠራ ያለው የሌንስ ንጣፍም ይጨልማል። ሌንስ እንደ ሽንኩርት ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየጨመረ የሚያድግ በመሆኑ፣ ካልሲየሙ ከተስተካከለ በኋላ የሚሠራው ንጣፍ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በመብራት ሲመረመር መሐሉና ዳሩ ጠርቶ በመካከል ያለው ቀለበት ብቻ ደብዝዞ የሚታየው የሕፃናት ሞራ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። የጥርስ ልባስም በዚያው ወቅት የሚሠራ ስለሆነ በጥርስ ላይ የሚታይ ጎድጓዳ መስመር በሽታው መቼ እንደደረሰ ይጠቁማል። ዓይንን ሲመረምሩ ጥርስንም ገልጦ ማየት ወጪ የለውም።

«ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ከራሳችን አገር ይገኛል። ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ባደረጉትና በ1997 በወጣው ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ሲኖርባቸው ሳንባ ምች ካልነበረባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ናት፤ የጨረሩ ኃይል ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። በ2015 በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የወጣው ጥናትም 42 ከመቶዎቹ እጥረት እንዳለባቸው፣ በከተማ 61.8 ከመቶ ሲሆን በገጠር 21.2 ከመቶ እንደሆነ አመልክቷል። ፀሐይ ከላይ መኖሯና ቆዳ ላይ መድረሷ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ብርድና ምች ይመታዋል ተብሎ ተጠቅልሎ የሚያድግ ጨቅላ፣ በመስታወት በኩል ብቻ የሚሞቅ ሕፃን፣ ሙሉ ሰውነቷን ተሸፍና ከቤት የማትወጣ እናት በፀሐይ አገር የፀሐይ ድሆች ናቸው። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

በባሮ ዳርቻ የሚታየው ልማድ ከደጋው የተለየ ነው። የአኙዋክና የኑዌር ሕፃናት በሙቀቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ልብስ አይበዛባቸውም፤ የኑዌር ቤተሰብ ወተት፣ ወንዝ ዳር የሚኖረውም ዓሣ ያገኛል። ይህ ሁሉ እጥረቱን ያርቃል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ተማምኖ የሚንቀጠቀጥን ጨቅላ «ወባ ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባም። በጋምቤላ ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን በቅድሚያ ወባና ማጅራት ገትር መታሰባቸው ትክክል ነው። የወባ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ትኩሳት ሳይኖረው ደጋግሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሳይስት እጅና እግሩ የሚኮማተር፣ የእጅ አንጓው ያበጠ፣ የራስ ቅሉ የሚሰረጉድ ሕፃን ግን ካልሲየሙ ሊለካለት፣ መለኪያ ከሌለም ሊላክ ይገባዋል። ዓይኑም በዚያው ቀን ይመርመር። በፑፒሉ ውስጥ ነጭ ነገር የሚታይበት ሕፃን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አስቸኳይ ነው፤ አእምሮው ማየትን የሚማርበት ዘመን ካለፈ በኋላ ሞራው ቢወጣም እይታው በሙሉ አይመለስም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ወይም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚባክነው እያንዳንዱ ወር ይቆጠራል።

በምግብ እጥረት ለሚመጣ ሪኬትስ በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ከ3 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 2,000 ዩኒት፣ ከ1 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ3,000 እስከ 6,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 6,000 ዩኒት፣ ቢያንስ ለ90 ቀን ከ500 ሚሊግራም ካልሲየም ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። ጨቅላዎች እስከ አንድ ዓመት በቀን 400 ዩኒት ለመከላከያ እንዲያገኙም ያዝዛል። ካልሲየሙ መረሳት የለበትም፤ በካልሲየም ደረጃው ዝቅ ያለ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ብቻ ሲሰጠው አጥንቱ በድንገት ካልሲየም መሳብ ስለሚጀምር መንቀጥቀጡ ሊብስ ይችላል።

ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብም መታረም አለበት። ቫይታሚን ዲ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል። ከፍተኛ መጠን ያለው መርፌ በየሳምንቱ ያለ ምርመራ ሲደጋገም በደም ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፋል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ በዓይን ብሌን ላይም ከግራና ከቀኝ ዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚዘልቅ ነጭ የካልሲየም መቀነት ይፈጠራል። ለዓይን ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት ዓይንን የሚያደበዝዝበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ፀሐዩ ለዓይን

ቆዳን የሚመግበው ያው ጨረር ዓይንን ይጎዳል። ዓይን በጨረር ቫይታሚን ዲ አግኝቶ አይጠቀምም፤ ብሌኑና ሌንሱ ጨረሩን እየዋጡ ሬቲናን ይጠብቃሉ፤ ለዓመታት ሲውጡ ግን ራሳቸው ይበላሻሉ። ስለዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ጥናቶች ለባሮ ዓሣ አጥማጅ የሚቀርበው በአሜሪካ በቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ በ838 የውኃ ላይ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ1988 የወጣው ነው። አንድ ሰው በዕድሜው የተቀበለው የጨረር መጠን በእጥፍ ሲጨምር የሌንስ ዳርን የሚያጠቃው የሞራ ዓይነት አደጋ በ60 ከመቶ ይጨምራል። ከዓይን ነጩ ተነሥቶ ወደ ብሌኑ የሚያድገው የሥጋ ቅጠልም በፀሐይና በአቧራ ውስጥ በሚውሉ ሰዎች ላይ ይበዛል።

ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ላይ ቀኑን የሚውል ሰው የሚነሣበት ጨረር በአብዛኛው ከላይ የሚመጣው ነው፤ ውኃና ሣር ከተቀበሉት ከ10 ከመቶ በታች፣ ደረቅ አሸዋ 15 ከመቶ ያህል ብቻ ይመልሳሉና። በመሆኑም ክንፉ ሰፋ ያለ የሣር ባርኔጣ ውድ ከሆነው መነጽር ቀድሞ ሊመከር የሚገባው ነው። ለቆዳ የሚበቃው ፀሐይ በክንድና በእግር ይገባል፤ ፊትን ወደ ፀሐይ ማቅናት አያስፈልግም። ሕፃን ፀሐይ ሲሞቅ ዓይኑ እንዲከለል ለእናት መንገርም በዚሁ ይካተታል።

በባሮ ዳር የሚያሰጋው ቫይታሚን

እስካሁን የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመራል፤ በወንዙ ዳር አንድ ሕፃን በቫይታሚን ማነስ ቢታወር ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቫይታሚን ኤ ነው። በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የቫይታሚን ኤ ጥናት ከሕፃናት 37.7 ከመቶዎቹ በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዝቅተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ቢቶት ስፖት የሚባለው በዓይን ነጭ ላይ የሚታይ አረፋ መሰል ነጠብጣብ 1.7 ከመቶዎቹ ላይ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ነጠብጣቡ ከ0.5 ከመቶ ካለፈ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ የቫይታሚን ኤ እንክብል እደላ ቢስፋፋም፣ እንክብሉ የማይደርሳቸው ሁልጊዜ ሩቅ ያሉት፣ በጎርፍ የተከበቡትና በቅርቡ የተሰደዱት ናቸው።

ጋምቤላ ይህን በተደጋጋሚ አይታለች። በ1980ዎቹ በኢታንግ የነበረው የሱዳን ስደተኞች መጠለያ፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በፓጋክ በኩል የገቡትና በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኝዬል የሠፈሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከብቱን ትቶ የሸሸ የኑዌር ቤተሰብ ወተቱንና ቅቤውን፣ ማለትም የቫይታሚን ኤ ምንጩን፣ በአንድ ቀን ያጣል። ለስደተኛ የሚታደለው የምግብ ዘይት ኤም ዲም የተጨመረበት ቢሆንም፣ ቤተሰቡ ዘይቱን ለማገዶና ለወፍጮ መክፈያ ሲሸጠው ሕፃኑ ሁለቱንም ያጣል። ዘይቱ በብርሃን ውስጥ ተከፍቶ ከዋለም ኤ ይበላሻል፤ የማክኮለምን ሙከራ ፀሐይ በየቤቱ ትደግመዋለች።

ለነዋሪው ማንጎ አለ። በማንጎ ወራት በወንዙ ዳር ያለው ሕፃን ቢጫውን ፍሬ ሲበላ ይውላል፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በፍሬ ውስጥ ያለው ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው አሥራ ሁለቱ ለአንድ ያህል ሆኖ ነው፤ ያለ ቅባትና በተቅማጥ መካከል የተበላው ደግሞ ሳይገባ ያልፋል። ዓሣም ቢሆን ሥጋው ያለው ቫይታሚን ኤ ጥቂት ነው፤ ብዙው ጉበቱ ውስጥ አለ። ጉበቱን ጥሎ ሥጋውን ለሚበላ ቤተሰብ ይህን መንገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራ ነው።

ምልክቱን ለማወቅ የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው። በአማርኛ ዳፍንት የምንለውን ቃል የአኙዋክ ወይም የኑዌር እናት ላትረዳው ስለምትችል፣ በቋንቋዋ ያለውን ስም ከአካባቢው ባልደረባ ጠይቆ መያዝ ይበጃል። ስሙ ካልተገኘ «ሲመሽ ሌሎቹ ልጆች እየሮጡ እርሱ ይደናቀፋል ወይ? የወደቀ ምግብ በእጁ ይዳብሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቀጥሎ የዓይን ነጭ መድረቅና ነጠብጣቡ ይመጣሉ። ብሌኑ ማብለጭለጩን ትቶ እንደ ተተነፈሰበት መስታወት ከደበዘዘ ግን ጊዜው በሰዓት ይቆጠራል፤ ብሌኑ ቀልጦ ሊበሳ የሚችለው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በዓይኑ ሕመም አይመጣም፤ በኩፍኝ፣ በተቅማጥ ወይም በከባድ የምግብ እጥረት ተኝቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚገኘው። የተጨፈነውን ዓይን ሳይጫኑ ገልጦ ማየት ግድ ነው።

ሕክምናው ማረጋገጫ አይጠበቅለትም። ከ6 ወር በታች 50,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከ12 ወር ጀምሮ 200,000 ዩኒት ወዲያውኑ፣ በማግስቱና ከሁለት ሳምንት በኋላ በአፍ ይሰጣል። በኩፍኝ ለታመመ ሕፃን የዓይን ምልክት ባይኖረውም የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጠኖች ይሰጡታል፤ ምልክት ካለው ሦስተኛውም ይከተላል። ብሌኑ ለቆሰለ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይጨመራል፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ዓይኑ ሳይጫን ይሸፈናል፤ ሕፃኑ በዚያው ቀን ይላካል። አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ በኢንዶኔዥያ አቼ ግዛት ባደረጉትና በ1986 በወጣው ሙከራ፣ ቫይታሚን ኤ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በ34 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ የደበዘዘው ዓይን የታየበት ሕፃን ሕይወቱም በዚያው አደጋ ላይ ናት።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የቀላውና መግል የሚያዝለው ዓይን ሁሉ የቫይታሚን ችግር አይደለም። በ2005 እና 2006 የተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት በጋምቤላ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 19.1 ከመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ለዚህ ፊት መታጠቢያ ውኃና አዚትሮማይሲን እንጂ ቫይታሚን አይረዳም። ወንዝና ዓይነ ስውርነት ሲነሣ ብዙዎች ኦንኮሰርካን ያስባሉ፤ ሆኖም በአገራችን ይህ በሽታ ይበልጥ ቆዳን የሚያጠቃ ሲሆን፣ አስተላላፊዋ ጥቁር ዝንብ የምትራባው ፈጣን ውኃ ባለበት ተዳፋት እንጂ በጋምቤላ ሜዳ በዝግታ በሚፈስሰው ውኃ አይደለም።

ስለ መጠን

ዩኒት የሚለው መለኪያ ለሁለቱ ቫይታሚኖች አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ 60 ሚሊግራም ሲሆን፣ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በክብደት ሲነጻጸሩ የመጀመሪያው የሁለተኛውን 1,200 እጥፍ ይሆናል። የአንዱን ቁጥር ወደ ሌላው ካርድ ማስተላለፍ ስለዚህ አደገኛ ነው። ኤና ዲ የተደባለቁበትን ሽሮፕ ብዙ ማንኪያ በማጠጣት የዓይን ድርቀትን ለማከም መሞከርም ሕፃኑ የሚያስፈልገውን ኤ ሳያገኝ ከመጠን ያለፈ ዲ እንዲጠጣ ያደርገዋል። በጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ ሰማያዊው የ100,000፣ ቀዩ የ200,000 የቫይታሚን ኤ እንክብል ለብቻው ይቀመጥ፤ ሽሮፕ ከእርሱ ጋር አይደባለቅ።

ነፍሰ ጡር ሴት ዳፍንት ቢይዛት ከፍተኛው መጠን በማህፀን ያለውን ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል በቀን ከ10,000 ያልበለጠ፣ ወይም በሳምንት ከ25,000 ያልበለጠ ዩኒት ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይሰጣታል። ብሌኗ ከቆሰለ ግን ዓይኗን ለማትረፍ ሙሉው የሦስት ጊዜ መጠን ይሰጣታል፤ ምክንያቱም በካርዷና በመላኪያ ወረቀቷ ላይ ከነቀኑ ይጻፋል።